ካንዴላ

አባቴ ወንድይራድ ብዙም ከወንበሩ አይነሳም፤
እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮው ግን አይረሳም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ሠራተኛ ሰፈር፣
ኮፈን ሥር ተደፍቶ ሲፈታና ሲያስር፣
ፍሪሲዮን ሲቀይር፣ ካምቢዮ ሲያወርድ ኖሮ
የሻይ ማንኪያ ይወድቅበታል ዛሬ፣ ዞሮ ዞሮ።

እኔ ሜክሲኮ ባንክ ቤት የሰው ብር ስቆጥር ውዬ፣
ታክሲ ተሰልፌ፣ ፒያሳ ደርሼ፣ ጫማዬን ጥዬ
መሪዬን እይዛለሁ፦
በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን የታሰረ፤
ሦስት ፔዳል ከአልጋው ሥር፣ አንዱ የተሰበረ፣
በቁራጭ ከመነዳሪ ተጠፍሮ ያደረ።

ከድሮ መኪኖች መሀል ሴይቼንቶ መረጥኩ።
ከወገቧ በላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ቀባኋት፣
በባዕድ አገር ውድድር ለአራት ኪሎ አሰለፍኋት።
አባቴ ሳቀ። "ይቺን ደግሞ ከየት አገኟት?"

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጭራዋ ቀደመኝ፤
ዞርኩ፤ ግድግዳ መታሁ፤ ሣሩ ተቀበለኝ።
ደግሜ። ደግሜ። ጎማዋ እሪ ትላለች፣
እሪ በከንቱ መሆኑን እሷም ታውቃለች፤
ያንን ቁልቁለት በዝናብ ስንቴ ወርዳለች።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።
"የፊቱን ጎማ ትንሽ አስተንፍሺ፣ ትንሽ።
ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከፊቷ ምን አላት?
ትርፍ ጎማና ቤንዚን።
ፍሬንሽን ቀድመሽ ጨርሺ፤ መታጠፊያው ውስጥ ከገባሽ
ነዳጅ አትልቀቂ። የፈራ ነው የሚለቅ።
በስሱ እርገጪ፣ የተኛ ልጅ አጠገብ እንደምታልፊ።"

የኋላ ሞላውን ስክሪኑ በቁጥር ይጠይቃል፤
አባቴ ቁጥር አያውቅም፣ በመቀመጫው ያውቃል፦
"ሦስት ሰው ከኋላ ሲጫን፣ አንዷ ወፍራም፣
አንዷ ከአትክልት ተራ ዘንቢል ያዘለች፣
ያኔ እንደምትቀመጠው አድርጊያት።"
አንድ ወፍራም ሴት፣ አንድ ዘንቢል ያህል ዝቅ አደረግሁ።
ቀጥ አለች።

ጋራዡ የነበረበት ዛሬ ሣር ነው፣ መብራት ነው፣
ጋሪ የሚገፋ እናት የምትዝናናበት ነው።
መስከረም ላይ ክንዱን ይዤ በዚያ በኩል ሳልፍ
እግሩን አንስቶ ቀረ፣ ንጣፉ ላይ ሳያሳርፍ።
"ጉድጓዱ እዚህ ጋ ነው" አለኝ፤ "ቀስ በይ፣ ሰው ከሥር አለ።"
ዞረን ሄድን።

ትናንት ማታ መሪውን ለእሱ ሰጠሁት።
ይህ መሪ ይንቀጠቀጣል፤ የአስፋልቱን እብጠት፣
የጎማውን ጭንቀት ወደ እጅ እንዲልክ ነው የተሠራ።
የአባቴም እጅ የራሱን ይልካል።
መሀል መንገድ ላይ ተገናኙ። የቱ ከየት እንደመጣ
ማን ሊለይ?
አንድ ዙር ሙሉ እጁ ደህና ሆነ፣
ወይም መሪው ታመመ፤ አላወቅሁም።

ከእኔ በአሥራ አራት ሴኮንድ ዘገየ። ማንንም አልገጨም።
መሪውን ሲመልስልኝ ደስ ያለው አይመስልም።
"አንዷ ትዘላለች" አለ። "ሦስተኛዋ ካንዴላ።"

ፈለግሁ። ጎማ አለ፣ ሞላ አለ፣ ፍሬን አለ፣
የማርሹ ጥርስ በየተራ ይስተካከላል፤
ካንዴላ የለም። የሠሩት ልጆች
መቼ ካንዴላ በጥርሳቸው ይዘው ያውቃሉ!
ቁልፉን ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ አደረግሁና
"ቀየርኳት" አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ጎበዝ ረዳት።

ሌላ ዙር ነዳሁ። ቁልቁለቱን ቀድሜ ያዝኩ፣ ነዳጅ አልለቀቅሁም፤
በሕይወቴ እንደዚያ ታጥፌ አላውቅም።
ከመስኮቱ ውጭ የመጨረሻው ታክሲ
"ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል።
አባቴ ጆሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ አዘነበለ፣
ቆየ፣
"አልቀየርሽም" አለ።